ሮም ላይ ደጅ ሲጠና፦ ዝግ ታሪካዊ ቤቶችን ለመጎብኘት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ሮም ሄዶ ኮሎሲየምን ሳያይ የሚመለስ የለም። ወረፋው ያደክማል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ፎቶው ይነሣል፣ አበቃ። ከዚያ ወጥቶ በየጠባቡ መንገድ ለሚያዘግም ሰው ግን ሌላ ነገር ዓይኑ ውስጥ ይገባል፦ በር። የሰው ቁመት ሦስት እጥፍ የሚሆን የእንጨት በር፣ መሣሪያ የያዘ ፖሊስ የቆመበት በር፣ ከባቡር ሐዲድ ሥር የተሸጎጠ ምልክት አልባ የብረት በር። ከጀርባቸው ሚኬላንጄሎ የጨረሰው ግቢ፣ ከመሬት በታች ሁለት ሺህ ዓመት ያህል የቆየ አዳራሽ፣ አንዱ ጋር ደግሞ የእኛው አገር መነኮሳት ያመሰገኑበት ቤተ ክርስቲያን አለ።

በመጀመሪያው ጉዞዬ ከእነዚህ በሮች አንዱም አልተከፈተልኝም። ዘመድ ወይም ገንዘብ የሚጠይቅ መስሎኝ ትቼው ተመለስሁ። በኋላ እንደተረዳሁት አብዛኞቹ በታወቀ ቀን፣ ቀደም ብሎ ለጻፈ ሰው ሁሉ ይከፈታሉ፤ አንዳንዶቹም በነጻ ነው። የጥንት ሰው መኳንንት ግቢ ደጅ ሲጠና ወራት ይቆም ነበር። የሮም ደጅ ጥናት በኢሜይል ነው፤ ትዕግሥቱ ግን ያው ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛ፦ ባለቤቱን ይለዩ

በር ላይ ደርሶ የሚመለስ ሰው ብዙውን ጊዜ ይህን የዘለለ ነው። ዝግ ቤቶችን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት የለም። ባለቤቶቹን በአራት መክፈል ይቻላል፦ መንግሥትና የከተማው አስተዳደር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የውጭ ኤምባሲዎችና ተቋማት፣ እንዲሁም የድሮ መሳፍንት ቤተሰቦች። እያንዳንዱ የራሱ ቀን፣ የራሱ ደንብ፣ የራሱ ጠባይ አለው። ስለዚህ ሊያዩት የፈለጉትን ሕንፃ ስም ሲያገኙ መጀመሪያ የሚጠይቁት «መቼ ነው የሚከፈተው?» ሳይሆን «የማን ነው?» የሚለውን ይሁን።

ከሁሉ የሚቀለው የመንግሥቱ ነው። የኲሪናሌ ቤተ መንግሥት የሮማ ሊቃነ ጳጳሳት (ፓፓዎቹ) የኖሩበት፣ ቀጥሎ ነገሥታት የገቡበት፣ ዛሬ የሪፐብሊኩ ፕሬዝዳንት የሚሠሩበት ነው። በኢንተርኔት ቢያንስ አምስት ቀን ቀድሞ የተመዘገበ ሰው ከአስጎብኚ ጋር ይገባል፤ የምዝገባው ክፍያም ከአንድ ማኪያቶ ብዙ አይበልጥም። የሕዝብ ተወካዮቹ ምክር ቤት ያለበት ሞንቴቺቶሪዮ በተለምዶ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ የሴኔቱ ፓላዞ ማዳማ ደግሞ በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ይከፈታሉ። ነሐሴን ግን ይርሱት። ያኔ አገሩ ሁሉ ባሕር ዳርቻ ነው።

የመሳፍንቱ ቤት ለየት ይላል፤ ዛሬም ሰው ይኖርበታል። የኮሎና ቤተሰብ አዳራሽ ቅዳሜ ጠዋት ይጎበኛል። እዚያ ሲገቡ ጣሪያውን ብቻ እያዩ እንዳያልፉ፤ ደረጃው ላይ ፈረንሳዮች በ1849 ሮምን ሲከቡ የተተኮሰ የመድፍ ጥይት በወደቀበት ተቀምጧል። ቤተሰቡ ሳያነሣው ይኸው እስከ ዛሬ ጎብኚ ይዞረዋል።

እግረ መንገዴን አንድ የስም ወጥመድ ልጠቁም። ሮም ውስጥ «ካዚኖ ዴል አውሮራ» የሚባሉ ሁለት ቤቶች አሉ (ካዚኖ እዚህ ቁማር ቤት ሳይሆን የመኳንንት አነስተኛ የመዝናኛ ቤት ነው)። የፓላቪቺኒ ቤተሰብ የሆነው ጣሪያው ላይ ጊዶ ሬኒ በ1614 የሣለውን የንጋት ሥዕል የያዘ ሲሆን፣ ከጥር በቀር ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ለጥቂት ሰዓታት በነጻ ይከፈታል። ሌላው የሉዶቪዚ ነው፤ ካራቫጆ የሣለው ብቸኛ የጣሪያ ሥዕል ያለው እዚያ ነው። ይህኛው በ2022 በ471 ሚሊዮን ዩሮ ተገምቶ ለጨረታ ቢቀርብ ገዢ ያጣ ቤት ነው። አንዱን ፈልገው ሌላው ደጅ የሚቆሙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ።

ሁለተኛ፦ ጉዞውን በቀኑ ዙሪያ ያቅዱ

ብዙ ሰው የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ፣ ሆቴል ይዞ፣ ከዚያ «ምን ክፍት ነው?» ይላል። ዝግ ቤት ማየት የፈለገ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፤ መጀመሪያ በሩ የሚከፈትበትን ቀን ይዞ ትኬቱን በዚያ ላይ ይቆርጣል።

በዓመት ውስጥ ጥሩ ጥሩ ወቅቶች አሉ። መጋቢት ላይ ፋይ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የጣሊያን ቅርስ ጠባቂ ድርጅት የጸደይ ቀናት ያካሂዳል። ከ1993 ጀምሮ የቀጠለ ነው። በመላው ጣሊያን የተዘጉ ቤቶች ለሁለት ቀን ይከፈታሉ፤ መግቢያው ጎብኚው የፈቀደውን ያህል መዋጮ ነው፤ የሚያስጎበኙት ደግሞ ለዚሁ የሠለጠኑ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። በእኔ አስተያየት ከደመወዝተኛ አስጎብኚ ይሻላሉ። አንዷ ልጅ የሸመደደችው ጠፍቶባት ወረቀቷን ስትገልጥ ያየሁትን ያህል የወደድሁት ጉብኝት የለኝም፤ ወረቀቱን ስታገኘው ደግሞ የነገረችን ነገር ሁሉ ልክ ነበር። ይኸው ድርጅት በጥቅምትም ተመሳሳይ ቀናት አሉት።

ግንቦት የግቢዎች ወር ነው። የታሪካዊ መኖሪያ ቤቶች ባለቤቶች ማኅበር ግቢዎቹን ያስከፍታል፤ «ኦፕን ሐውስ ሮማ» የተባለው የሕንፃ ጥበብ ዝግጅትም በዚያው ወቅት ገደማ ይውላል። መስከረም መጨረሻ ላይ የአውሮፓ የቅርስ ቀናት አሉ፤ ማታ ማታ በ1 ዩሮ የሚገቡባቸው ቦታዎች ይገኛሉ።

የወሩ የመጀመሪያ እሑድ የመንግሥት ሙዚየሞች በነጻ የሚገቡበት ቀን ነው። ነጻ ነገር የሚያመጣውን ግፊያ መገመት አያስቸግርምና፣ በዚያ ቀን ሙዚየሙን ለሌላው ትተው ቀጠሮ የሚጠይቁትን ቤቶች ይያዙ።

ሦስተኛ፦ ስምዎን በትክክል ይጻፉ

ይህ ነጥብ በሌላ ሰው መመሪያ ውስጥ አይገኝም፤ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ኤምባሲም ሆነ ቤተ መንግሥት ሲገቡ በር ላይ ያለው ሰው የምዝገባ ዝርዝሩን ከፓስፖርትዎ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያያል። ቅጹ የሚጠይቀው «ኖሜ» እና «ኮኞሜ» ብሎ ነው፤ ስምና የቤተሰብ ስም ማለት ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ የአባቱን ይጽፋል፣ አንዱ የአያቱን፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ይደርባል። ከዚያ በር ላይ ክርክር ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፎቶዎ ያለበትን የፓስፖርት ገጽ ይክፈቱና ከግርጌ ያሉትን በማሽን የሚነበቡ ሁለት መስመሮች ይመልከቱ። በላይኛው መስመር የአገሩን ምልክት ተከትሎ መጀመሪያ የሚመጣው፣ እስከ ሁለቱ ተከታታይ ቀስቶች (<<) ድረስ ያለው ነው ለእነርሱ «ኮኞሜ» የሚሆነው። ከቀስቶቹ ቀጥሎ ያለው «ኖሜ» ነው። እናትዎ በዚያ ስም ቢጠሩዎትም ባይጠሩዎትም እሱኑ እንዳለ ይገልብጡ። አብረውዎት ያሉትንም ሁሉ ስም እንዲሁ ያስገቡ፤ «እኔና ሦስት ሰዎች» ተብሎ አይመዘገብም። በጉብኝቱ ዕለት ዋናውን ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ይያዙ፤ የስልክ ፎቶ ሁልጊዜ አይበቃም።

ሰዓቱንም ልብ ይበሉ። ወረቀቱ ላይ 10 ተብሎ ከተጻፈ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣች አክስቴ ለ10 ሰዓት የተያዘላትን ቀጠሮ ከሰዓት በኋላ መስሏት፣ ቤት ሆና ቡና አፍልታ፣ ሦስተኛውን ጠጥታ፣ ተኳኩላ ሄደች። በሩ የተዘጋው ከስድስት ሰዓት በፊት ነበር። «ቀጠሮዬ አሥር ሰዓት ነው፤ አሥር ሰዓት መጣሁ» ብላ እስከ ዛሬ አልተረታችም።

አራተኛ፦ ብቻዎን ከሆኑ ቡድን ይፈልጉ

ከመሬት በታች ያሉት የከተማው ቅርሶች፣ ለምሳሌ በቺርኮ ማሲሞ (በጥንቱ የሠረገላ መሽቀዳደሚያ) አጠገብ ያለው፣ ሚትራ የተባለ የጥንት አምላክ ይመለክበት የነበረው ቤተ መቅደስ፣ ለአንድ ሰው ብለው አይከፈቱም። ፈቃዱ የሚሰጠው አስጎብኚ ላለው ቡድን ነው። ታዲያ ምን ይሻላል? ሮም ውስጥ እንዲህ ያለ ፈቃድ አውጥተው፣ ቀን ቆርጠው፣ ሰው የሚመዘግቡ የባህል ማኅበራት አሉ። «አሶቻሲዮኔ ኩልቱራሌ» ይባላሉ። ለዓመት አባልነት ትንሽ ገንዘብ፣ ለጉብኝቱ ደግሞ ሌላ ትንሽ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ገለጻው ብዙ ጊዜ በጣሊያንኛ ነው፤ ቢሆንም መግባቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የትኛው ቦታ በየትኛው ቀን ልዩ መክፈቻ እንዳለው ለማወቅ የከተማውን የመረጃ ስልክ 060608 መደወል ይቻላል፤ በእንግሊዝኛም ይመልሳሉ። የሚፈልጉት ቃል «አፔርቱራ ስትራኦርዲናሪያ» ነው፤ ልዩ መክፈቻ ማለት ነው።

ከሚትራው ቤት ሲወጡ ጥቂት ራመድ ብለው የካፔና በር አደባባይን ይዩ። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር፤ በ2003 ፈርሶ፣ በ2005 አገሩ ገብቶ፣ በ2008 አክሱም ላይ ተተክሏል። ለዚህኛው ቦታ ቀጠሮ አያስፈልግም።

አምስተኛ፦ ድካሙ የሚክስባቸው በሮች

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የእኛን ነው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ ቫቲካን ግንብ ውስጥ፣ «ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ» የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ማለት ነው። ሊቀ ጳጳሳት ሲክስቶስ ራብዓዊ በ1479 ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሰጡት። ኢየሩሳሌም ተሳልመው ሮም ድረስ የሚመጡ አባቶች ማረፊያቸው ይህ ነበር። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ የመነኮሳቱን ጸሎት ሰምቶ ቋንቋውን ተማረና በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ፤ በግዕዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። (ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎት አረፈ። መነኮሳቱን አልጠየቃቸውም መሰለኝ።) ከደብረ ሊባኖስ የመጡት አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ በ1548 እና በ1549 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተሙት እዚሁ ሆነው ነው። በ1649 አባ ጎርጎርዮስና ጀርመናዊው ሊቅ ሉዶልፍ የተዋወቁትም በዚሁ ቤት ነው፤ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት አባት የሚባለው ይኸው ሉዶልፍ ግዕዝን ያጠናከረው፣ አማርኛን የተማረው ከእኚህ መምህር ነው።

አገባቡ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በቫቲካን ሙዚየሞች በኩል የአትክልት ስፍራውን ጉብኝት መመዝገብ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በፕሮግራሙ ላይ ላይጠቀስ ይችላል፤ ስለዚህ ጉብኝቱ ሲጀመር አስጎብኚውን ቀረብ ብለው ኢትዮጵያዊ መሆንዎን ይንገሩና በየት በኩል እንደሚታይ ይጠይቁ። ሁለተኛውና ወደ ውስጥ ሊያስገባ የሚችለው በአትክልት ስፍራው ውስጥ ላለው ጳጳሳዊ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ማን እንደሆኑ፣ ስንት ሰዎች እንደሆኑ፣ በየትኞቹ ቀናት ሮም እንደሚገኙ፣ ለጸሎት ይሁን ለጥናት እንደሚመጡ በአጭሩ ይግለጹ። በአማርኛ ቢጽፉም ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ከመግቢያው «ለክቡር አባታችን» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ አንባቢውን ያገኛል። አይሆንም ከተባለ አይከራከሩ፤ ግንቡ የሌላ መንግሥት ነው።

ከተሳካ መጀመሪያ የሚያዩት የ12ኛውን ክፍለ ዘመን የእብነ በረድ በር ነው። ጫፍ እስከ ጫፍ ሐረግ ተቀርጾበታል፤ ከላይ መስቀል የያዘ በግ አለ። ከዚያ ቀስ ብለው የመቃብር ድንጋዮቹን ይፈልጉ። ላቲኑን ዓይንዎ ያልፈዋል፤ ከዚያ ድንገት የሚያነቡት ፊደል ይመጣል። እኔ «ዝንቱ» የሚለውን ቃል በጣቴ ተከትዬ ሳነብ አጠገቤ የነበረው ጣሊያናዊ ሽማግሌ ድንጋዩንና እኔን ተራ በተራ ያይ ነበር።

ፓላዞ ፋርኔዜ የተባለውን ቤት ከዚሁ ታሪክ ጋር አያይዘው ይዩት። ቤቱን ያሠሩት፣ ኋላ ሊቀ ጳጳሳት ጳውሎስ ሣልሳዊ የተባሉት አሌሳንድሮ ፋርኔዜ ናቸው፤ የአባ ተስፋ ጽዮን አዲስ ኪዳን የታተመው በእኚሁ ዘመን ነው። ሥራውን የያዘው የሕንፃ ጠቢብ ሳንጋሎ ሲሞት ሚኬላንጄሎ በ1546 ተረክቦ ከላይ ያለውን ትልቅ የጣሪያ ክፈፍ አወጣለት። ዛሬ የፈረንሳይ ኤምባሲ ነው፤ በ1936 በተፈረመ ውል ለ99 ዓመት በስም ብቻ በሚከፈል ኪራይ ይዘውታል። ጉብኝቱ በቀጠሮና ከአስጎብኚ ጋር ነው፤ ኤምባሲ ስለሆነ ስም ላይ ያልሁትን ሁሉ እዚህ ይተግብሩ። አኒባሌ ካራቺ በ1597 የጀመረው የጣሪያ ሥዕል አንገት ያሳምማል፤ ወለሉ ላይ መተኛት ቢፈቀድ ኖሮ ደግ ነበር።

በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ሥር ያለው የጥንት መቃብር ከሁሉ ይልቅ ቀደም ብሎ መጻፍን ይጠይቃል። ወራት ቀድመው ለቫቲካኑ የቁፋሮ ቢሮ በኢሜይል ስማችሁን ሁሉ፣ ብዛታችሁን፣ ቋንቋችሁን፣ ሮም የምትቆዩባቸውን ቀናት ይላኩ። ቀኑንና ሰዓቱን የሚመርጡት እነርሱ ናቸው። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አይገባም፤ ስለዚህ ልጆች ካሉ ማን እንደሚጠብቅ ቀድመው ይነጋገሩ። ውስጡ ጠባብና እርጥበት ያለበት ነው፤ ዝግ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ይቅርበት። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው። ሴቶች ነጠላ ይያዙ፤ በሮም ሙቀት ከነጠላ የሚሻል ልብስ አላየሁም።

ፖርታ ማጆሬ በተባለው የጥንት የከተማ በር አጠገብ ያለው የከርሰ ምድር አዳራሽ በ1917 ከባቡሩ ሐዲድ ሥር መሬት ሲደረመስ ነው የተገኘው። የአንደኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ግድግዳውና ጣሪያው ነጭ የኖራ ቅርጽ ነው። ለምን እንደተሠራ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። የሰው ትንፋሽ ስለሚጎዳው ጥቂት ሰዎች ብቻ በቀጠሮ ይገባሉ። ቦታ ከተገኘ ሳያመነቱ ይያዙ።

የሕንፃ ጠቢቡ ቦሮሚኒ የሠራውን የሳንት ኢቮ ቤተ ክርስቲያን ለማየት እሑድ ጠዋት ይሂዱ፤ በሌላው ቀን ዝግ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ጭራሽ አይሞክሩት።

ስድስተኛ፦ ደወል የሚደወልባቸው በሮች

ሁሉም በኢሜይል አይደለም። ከኮሎሲየም ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ሳንቲ ኳትሮ ኮሮናቲ የሚባል እንደ ምሽግ የታጠረ ገዳም አለ። ግቢው ውስጥ ገብተው በቀኝ በኩል ያለውን ደወል ይደውላሉ። ትንሽ መስኮት ትከፈታለች፤ ከፍርግርጉ ወዲያ የመነኩሲት ድምፅ ይሰማል። የቅዱስ ሲልቬስትሮስን ጸሎት ቤት ማየት እንደሚፈልጉ ይናገራሉ፦ «ቡዎን ጆርኖ ሶሬላ፣ ኤ ፖሲቢሌ ቪዚታሬ ላ ካፔላ?» ትንሽ ሳንቲም ያኖራሉ፤ በሩ ይከፈትልዎታል። ውስጥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሣለ የቆስጠንጢኖስ ታሪክ ዙሪያውን አለ፤ ንጉሡ በለምጽ ታሞ፣ ተጠምቆ፣ ዘውዱን ለሊቀ ጳጳሳቱ ሲሰጥ። ሰዎቹ ዓይናቸው ትልቅ፣ ፊታቸው ፊት ለፊት ነው፤ የአገራችንን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ያደገ ሰው ወዲያው ይላመዳቸዋል።

ደወል ሲደውሉ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ከእኩለ ቀን እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ብዙው ቤተ ክርስቲያን ይዘጋል፤ በምሳ ሰዓት መደወል ነውር ነው። ደግሞም አንዴ ደውለው ይጠብቁ። የሚመጡት ሴት አሮጊት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ኮሪደሩም ረጅም ነው።

ሰባተኛ፦ እምቢ ሲባሉ

ይባላሉ። ቀጠሮ ይዤ፣ ወረቀቴን አትሜ፣ ጫማዬን ቦርሼ ሄጄ «ዛሬ ስብሰባ አለ» ተብዬ የተመለስሁበት ቤት አለ። የአገሩ ቃል «ኪዩዞ» ነው፤ ዝግ። እንዲህ ሲሆን ለምን እንደተዘጋ ሳይሆን ቀጣዩ ቀን መቼ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ስምዎን እንዲመዘግቡም ይለምኑ።

ለእንዲህ ያለው ቀን አቨንቲኖ ኮረብታ ላይ አንድ መጠባበቂያ አለልዎት። የማልታ ናይቶች (የጥንት የክርስቲያን ፈረሰኞች ማኅበር) ግቢ ነው፤ አደባባዩንና ቤተ ክርስቲያኑን ፒራኔዚ በ1765 ገደማ ሠራው። በሩ አረንጓዴ ነው፣ ዝግ ነው። አንድ ዓይንዎን ጨፍነው ቁልፍ መግቢያው ቀዳዳ ላይ ሌላውን ያስጠጉ፤ በተከረከመ አጥር መካከል የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ልክ ቀዳዳው መካከል ተቀምጦ ይታያል። ለእሱም ወረፋ አለ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከሄዱ ግን ቀዳዳው የእርስዎ ብቻ ነው።